የአቶ ንጉሤ ወንበር

ሶማሌ ተራና አካባቢው የመኪና ወንበር ስሠራ ሃያ አራት ዓመት ኖርኩ። ባለፈው ሰኔ አቆምኩ። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁለት ምክንያት እሰጣለሁ። አንደኛው የቀኝ እጄ አውራ ጣት ነው፤ ከመደንዘዙ የተነሳ መርፌ ይዤ እንደሆነ ለማወቅ ዝቅ ብዬ ማየት ጀምሬ ነበር። ሁለተኛው ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣው የወንበር ልብስ ነው። በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ ለትንሹም ለትልቁም መኪና ይሆናል ይባላል፤ ባለመኪናው ራሱ መንገድ ዳር ቆሞ በሩብ ሰዓት ያለብሰዋል። ሦስተኛም ምክንያት አለኝ። እሱን ግን መንገድ ላይ ቆሞ ለጠየቀኝ ሰው መናገር አልቻልኩም፤ ይህንን መጻፍ የጀመርኩትም ለዚያ ነው።

መጀመሪያ ሸማ ተራ ነበርኩ። ጋቢ እገጥማለሁ፣ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ ከተበተኑት የተመለሱ አሉ፣ እሱ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገረኝ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። ይመጣል ብሎ የነገረኝም ስለሌለ አልጠበቅኩም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ጠብቄያለሁ። ልጅ አልነበረንም።

ጋሼ ሸምሱን ያገኘኋቸው ጠንካራ ክር ፍለጋ ወደኛ ተራ በመጡ ጊዜ ነው። የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሥራውን ከአንድ ጣሊያን ዘንድ የተማሩ። ታፒሴሪ ይሉታል የመኪና ወንበር ሥራን፤ ስሙም ከፈረንጆቹ የቀረ ነው። ክሩን ትተው በእጄ የያዝኩትን ቀሚስ ተቀበሉኝና ገለበጡት። የውስጡን ስፌት በጣታቸው ተከትለው ሄዱ።

"ስፌትሽ አይቸኩልም፤" አሉኝ። "የኔ ዐይን ደክሟል። መኪና ትሰፊያለሽ?"

"መኪና ደግሞ ይሰፋል እንዴ ጋሼ?"

አልሳቁም። "ነገ ነይና እዪ፤" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሶማሌ ተራ ያኔ ሴት ቆማ የምትውልበት ቦታ አልነበረም። መለዋወጫ ሻጩም ጎማ ለጣፊውም ሥራውን ትቶ ያየኝ ጀመር። አንዱ፣ "ጋሼ ሸምሱ፣ ሴት ከመኪና ሥር ምን ትሠራልዎታለች?" አላቸው። "ከሥር አይደለም፤ ከውስጥ ነው የምትሠራው፤" አሉት፤ ስለኔ ከዚያ በላይ ለማንም ሲያስረዱ አልሰማሁም።

የመጀመሪያውን ሳምንት መርፌ አላስያዙኝም። ደጃፋቸው ላይ ሁለት የቤት መኪና ቆሞ ነበር፤ አንዱ ትንሽ የጃፓን፣ ሌላው ትልቅ የጀርመን። ጫማዬን አስወለቁኝ፤ እሳቸው በሰው መኪና ውስጥ በጫማ ገብተው አያውቁም። መጀመሪያ ከትንሹ፣ ቀጥሎ ከትልቁ መኪና የኋላ ወንበር አስቀመጡኝና፣ "የትኛው ይመቻል?" አሉኝ።

"ይኼ ትልቁ ነዋ።"

"እሺ። እዚያው ቆዪ።"

በሩን ዘግተውብኝ ሄዱ። የቀትር ሶላት ሰግደው ተመለሱ፣ በመስኮት አዩኝ፣ ሥራቸውን ያዙ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እግሬን ዘረጋሁ፣ ክንዴን ዘረጋሁ፤ የማይዘረጋ ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ቀስ በቀስ ጭኔ ሥር ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። እኔ አጭር ነኝ። የትልቁ መኪና ወንበር ጥልቅ ስለሆነ፣ ጀርባዬ መደገፊያው ጋ እንዲደርስ ወደ ኋላ ከሄድኩ እግሬ ይንጠለጠላል፤ እግሬ ወለል እንዲረግጥ ወደ ፊት ከመጣሁ ጀርባዬ ባዶ ይሆናል። ወደ ትንሹ መኪና አዛወሩኝ። እዚያ ጉልበቴ የፊተኛውን ወንበር ይነካል፣ ጣሪያውም ቅርብ ነው፤ ግን ጀርባዬም እግሬም ቦታቸውን አገኙ። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲደርስ በሩን ከፈቱልኝ።

"ለደቂቃ ሁሉም መኪና ይመቻል፤" አሉኝ። "ሰው ግን መኪና ውስጥ ለደቂቃ አይቀመጥም። አሁን የትኛው ይመቻል ብልሽ ምን ትያለሽ?"

"ለማን?" አልኳቸው።

ያኔ ነው መርፌ የሰጡኝ።

ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ሜትር ነበራቸው፣ ግን ጨርቅ ለመቁረጥ ብቻ ነው የሚያወጡት። ሰውን በስንዝር፣ በጣትና በጭብጥ ነበር የሚለኩት። ከጉልበት ጀርባ እስከ ወገብ ስንት ስንዝር፣ ከወገብ እስከ ትከሻ ስንት፣ ተረከዝ ወለል ሲረግጥ ጭኑና ወንበሩ መሃል ስንት ጣት ይገባል። የሚቀመጥበት ሰው ካልመጣ ሥራ አይቀበሉም። "መኪናውን ተወውና ሰውዬውን አምጣው፤" ይሉ ነበር። አንድ ትልቅ ነጋዴ የሚስቱን ወንበር ሊያሠራ መጥቶ ሚስቱን አላመጣም ብሎ መኪናውን ይዞ ሲሄድ ዝም ብለው አይተውታል።

ወንበሩ ሲያልቅ ደግሞ ምሳቸውን ይዘው ይገቡበታል። ጋዜጣ ጉልበታቸው ላይ አንጥፈው፣ ቀስ ብለው፣ ፍርፋሪ ሳይጥሉ ይበላሉ። "ሰው ልሞክር ብሎ ሲቀመጥ ሰውነቱ ይዋሻል፤ እየበላ ግን መቀመጡን ይረሳል። ያኔ ወንበሩ እውነቱን ይናገራል፤" ብለውኛል። ስንት የተጠናቀቀ ወንበር ከምሳ በኋላ እንደገና እንዳስፈቱኝ አልቆጠርኩም።

ከሳቸው የተማርኩት፣ ትልቅ መኪና ሰፊ ነው ትንሽ መኪና ጠባብ ነው የሚለው ነገር ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው እንደሆነ ነው። ትልቁ መኪና ለትከሻና ለእግር ቦታ አለው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነውና ወገቡ የታመመ ሰው ገብቶ መውጣት ይቸግረዋል። ጣሪያው ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል ረጅም ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ጭንቅላቱን ይነካዋል። ከወለሉ መሃል የሚያልፈው ጉብታም ወፍራም ስለሆነ ሦስተኛው ሰው እግሩን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። በትንሹ መኪና ሦስት ሰው ከኋላ ከተቀመጠ ትከሻ በትከሻ ላይ ይደረባል፤ ግን መኪናው ሲታጠፍ አንዱ አንዱን ይይዘዋል።

ጋሼ ሸምሱ ኩላሊታቸው ታሞ አገራቸው ገቡ፤ በዚያው አረፉ። እኔ ሲኒማ ራስ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከቀድሞው ይሻል ነበር፣ ወር በገባ ቁጥር ፊርማም ነበረው። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሰዓቱን ነበር የሚያየው። አንድ ጊዜ ለሠርግ የሚከራይ ትልቅ መኪና መጣ። ባለቤቱ ሙሽራዋ ከመንገድ እንድትታይ የኋላው ወንበር ከፍ ይበል አለ። ሙሽራ ሳላስቀምጥ አልሠራም ብል አለቃዬ፣ "ሙሽራ ከየት አመጣልሻለሁ? አንቺው ተሞሸሪና ለኪው፤" ብሎ ጋራዡን አሳቀብኝ። አራት ጣት ከፍ አደረግኩት። ሙሽራዋ ስትገባ ዘውዷ ጣሪያ ነካ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አንገቷን ደፍታ ሄደች አሉኝ። ሰዉ ዐይነ አፋር ናት ብሎ አመሰገናት። እኔ ግን በሁለተኛው ዓመት ለቅቄ ሶማሌ ተራ ተመለስኩና፣ ጋሼ ሸምሱ ከሠሩበት ቤት አራት በር አልፎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ለንግድ ፈቃድ የተመላለስኩበትን አልዘረዝርም።

ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ከሸማ ተራ የማውቃቸው አንድ ሐጂ በጣም ወፍራም ሰው ነበሩ። መኪናቸው ትንሽ ናት፤ ትልቅ እንዳይገዙ ሱቃቸው ያለበት መንገድ አያስገባም። ስፖንጁን ቀንሼ፣ ወንበሩን ከነሐዲዱ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሰደድኩላቸው። ተቀምጠው ሆዳቸውን በእጃቸው እያሻሹ፣ "ብዙነሽ፣ ለሁለት ዓመት መሪውን በዚህ ነበር የማዞረው፤" አሉኝ። እስከ ዛሬ ስቄ የማልጨርሰው እሱን ነው።

ግን ሥራው ብቸኛ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ በሩ የተዘጋ መኪና ውስጥ ነው የምውለው። መርካቶ ከመስታወቱ ውጭ ይጮሃል፤ ድምፁ ይደርሰኛል፣ የሚለውን ነገር ግን አልሰማም። የስንቱን ሰው ወገብና ጉልበት በእጄ ለክቻለሁ። መንገድ ላይ ሳየው በአካሄዱ አውቀዋለሁ፤ የግራ ዳሌው ዝቅ ያለው ሰውዬ እላለሁ በልቤ። እሱ ግን አያውቀኝም። ወንበር የሠራለትን ሰው ማን ያስታውሳል።

የከተማው ባቡር በጎጃም በረንዳ በላይ ማለፍ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዮናስ የሚባል የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው።

"እትዬ ብዙነሽ፣ አባቴን ሐሙስ ሐሙስ ሕክምና አመላልሳቸዋለሁ፤" አለኝ። "ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ዓመት አልፎታል። አሁን ተሽሏቸው ቤት ውስጥ በከዘራ ይራመዳሉ። በዚች በትንሿ መኪናዬ ስወስዳቸው ከኋላ ነው የሚቀመጡት፣ ጉልበታቸው ወንበሬን ይገፋዋል። እያጣበብኳቸው ነው። ትንሿን ያስተካክሉልኛል ወይስ ትልቅ ልግዛ?"

ሊገዛ ያሰበውን ትልቅ መኪና በማግስቱ ከትንሿ ጋር አመጣ። ጫማዬን አውልቄ በሁለቱም ተቀመጥኩ። ደጃፌ ላይ ለበዓል የሚደርሱ አምስት መኪኖች ቆመው ነበር።

"አባትህን አምጣቸው፤" አልኩት።

"ይደክማቸዋል እትዬ። ወጥቶ መግባቱ ነው ለሳቸው ችግሩ። እርስዎ ካዩት ይበቃል።"

ያቺ 'ይበቃል' ደስ አሰኘችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ጋሼ ሸምሱ ያልደፈሩትን ነገር እኔ የምችል መሰለኝ። ትልቋን ግዛ አልኩት። ትንሿን ሸጦ ትልቋን ገዛ። የኋላ ወንበሯን ፈታሁት፣ ወፍራም አዲስ ስፖንጅ አስገባሁ፣ ከላይ እሱ በመረጠው ለስላሳ ጥቁር ሌዘር አለበስኩት። ያማረ ሥራ ነበር። ሦስት ሰው መጥቶ አይቶት የማን ነው ብሏል። ምሳዬን ግን አልበላሁበትም፤ ጊዜ አልነበረኝም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ዮናስ መኪናዋን ይዞ መጣ።

"ወንበሩ ተበላሸ?" አልኩት።

"ወንበሩ ምንም አልሆነም፤" አለኝ። "አባቴ ወደቁ።"

ሐሙስ ዕለት ሲኒማ ራስ መታጠፊያው ላይ ጋሪ የሚገፋ ተሸካሚ ድንገት ገባበት፤ ፍሬን ያዘ። ጋሪውንም ሰውየውንም አልነካም። ዞር ሲል ግን አባቱ ወንበሩ ላይ የሉም። ከለስላሳው ሌዘር ላይ ተንሸራተው፣ በዚያ ሁሉ የእግር ቦታ ውስጥ ገብተው፣ በታመመው ጎናቸው ወለሉ ላይ ተኝተዋል። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አይራመዱም ብለውታል።

"ወንበሩን ይመልሱልኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት፤" አለኝ። "እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው። በትንሿ መኪና ቢሆን ይወድቁ ነበር?"

ልዋሸው እችል ነበር። "አይወድቁም ነበር፤" አልኩት። "ጉልበታቸው ወንበርህን ይይዝ ነበር። በሩም ክንዳቸው ሥር ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናዋን እዚያው ትቶልኝ በእግሩ ሄደ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት የኋላውን ወለል ስጠርግ ከፊተኛው ወንበር ሥር የአንድ እግር ጫማ አገኘሁ። ቡናማ፣ በደንብ የተቀባ፣ ክሩ በሌላ ሰው እጅ የታሰረ። ሰኞ ጠዋት ጫማውን በፌስታል ይዤ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ያለውን ቤታቸውን እየጠየቅኩ ሄድኩ።

አቶ ንጉሤ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ካርታ ተለጥፏል። ሠራተኛዋ ወንበር አቀረበችልኝና ወጣች።

"አንቺ ነሽ ወንበሩን የሠራሽው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሳልለካዎት ነው የሠራሁት።"

"ቆንጆ ወንበር ነው፤ ለስላሳ ነው። ልጄ አጠፋሁ ይላል፣ አንቺም አጠፋሁ ትያለሽ። ቀኝ እጄ እኮ ደህና ነው። ስንሸራተት የሚይዘው ነገር ፈለገ። አላገኘም። ሰፊ ነው።"

ጫማውን አውጥቼ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት።

"እውነቱን ልንገርሽ፤" አሉኝ። "ትንሿ ትሻለኝ ነበር። ልጄ ጉልበቴ የሚያመኝ ይመስለዋል። ጉልበቴ ወንበሩን ሲገፋው፣ 'አባዬ፣ ተመቸዎት?' ብሎ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ወሬ እንጀምራለን። በትልቋ ግን ማጅራቱን ብቻ ነው የማየው። ብናገር አይሰማኝም፤ ቢናገር አልሰማውም። እኔ ጋቢና ነበር መቀመጥ የምፈልገው።"

"ለምን አልነገሩትም?"

"ለሱ ክብር ማለት ከኋላ ነው። መኪናውን ያመጣ ቀን በር ከፍቶ ቆሞ፣ 'አባዬ፣ ይግቡ' ሲለኝ ፊቱን አላየሽውም።"

ልለካዎት አልኳቸው። አሁን ምን ያደርጋል አሉ። አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ሕክምና መሄድዎ አይቀርም አልኳቸው። ብርድ ልብሱን ገለጥኩና ቀስ ብዬ ለካኋቸው፤ ከጉልበት ጀርባ እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ብብት፣ የግራ ጎናቸው ምን ያህል እንደሚያዘነብል። እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ከውጭ ባቡሩ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ትንሿ መኪና ተሸጣለች፤ ስለዚህ ትልቋን ማሳነስ ነበረብኝ። የጋቢናውን ወንበር አወጣሁት። የመቀመጫውን ርዝመት በልካቸው አሳጠርኩት። ከሥር ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ አደረግኩ። የፊቱን ጠርዝ ወደ ታች እንዳይንሸራተቱ ሁለት ጣት ከፍ አደረግኩት። በግራ በኩል ከዳሌ እስከ ብብት የሚደግፍ ክንፍ ሠራሁ፣ በቀኝ በኩል ለደህናው እጃቸው መያዣ። እግራቸው እንዳይንጠለጠል ከጣውላ መርገጫ አስቆረጥኩ። ሌዘሩን ትቼ ሻካራ ጨርቅ አለበስኩት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌላ መኪና አልነካሁም። ሐኪሙ መቀመጥ ስለፈቀደላቸው አቶ ንጉሤን ዮናስና አንድ ጎረቤት ተሸክመው አመጧቸው። ተቀመጡ። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ። መንገዱን አዩ፣ ዮናስን አዩት፣ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን መያዣው ላይ አሳረፉ።

"ሂድ እስቲ፤" አሉት።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ከሕክምና ሲመለሱ በደጃፌ ያልፉ ነበር። መንገዳቸው አይደለም፤ ዞረው ነው የሚመጡት። ዮናስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አቶ ንጉሤ በመስኮቱ ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኔም አነሳለሁ። አይቆሙም፤ ለመቆም ቦታም የለም፣ ከኋላ ያለው ጥሩንባውን ይነፋል። ይኸው ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሐሙስ ሐሙስ የታጠበ ነጠላ መልበስ ጀምሬ ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ አልገባም፤ ደጅ ላይ የሚሠራ ሥራ እፈልግ ነበር። ክር አጠነጥናለሁ፣ ስፖንጅ እቆርጣለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቀሩ።

አንድ ሐሙስ ቀሩ። መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል አልኩ። ሁለተኛው ሐሙስ ዝናብ ነበር። ሦስተኛው ሐሙስ ደጅ ላይ እስክዘጋ ቆሜ ዋልኩ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም። በር ላይ ድንኳን ባይ ምን ብዬ እገባለሁ? የማን ዘመድ ነሽ ቢሉኝስ? ይህን እያልኩ ሁለት ወር አለፈ።

ዮናስ በግንቦት መጨረሻ አንድ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ጥቁር ለብሷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልተቀበልኩምና የመጨረሻ ሥራዬ ያ ነው።

"አርባቸው አልፏል፤" አለኝ። "ተኝተው ነው ያረፉት፣ አልተሠቃዩም። ለእርስዎ መንገር እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ትናንት ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"እግዚአብሔር ያጽናህ፤" አልኩት።

መኪናዋን ሊሸጥ ነው። ገዥው መጥቶ ጋቢናውን አይቶ፣ ይኼ የሰው ወንበር አይደለም፣ አስተካክለህ አምጣልኝ ብሎታል። "ያፍርሱልኝ፣ እንደማንኛውም ወንበር ያድርጉልኝ፤" አለኝ። አልሄደም። በርጩማ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ወንበሩን አውጥቼ መፍታት ጀመርኩ። የራሴን ስፌት በምላጭ ስቆርጥ ጣቴ ስለደነዘዘ ቀስ ብዬ ነበር። ጨርቁ ሲነሳ የግራው ክንፍ ስፖንጅ ታየ። ከሌላው ስፖንጅ በጣም የተለየ ነው፤ ተጨፍልቆ፣ ተጋድሞ፣ የአንድ ሰው ጎን ቅርጽ ይዟል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ ዮናስ።

"አባትህ ናቸው። ወደ ግራ እየተደገፉ ነው የሄዱት። ወዳንተ።"

እጁን ሰዶ ጎድጓዳውን ነካው።

"በሕመማቸው ነው አይደል? ግራ ጎናቸው ነበር የዛለው።"

"በሕመማቸውም ይሆናል፤" አልኩት። "ምን ታወሩ ነበር?"

"ምንም። የሱቁን ሁሉ ማስታወቂያ ጮክ ብለው ያነባሉ። ፊደል የተሳሳተ ሲያገኙ ቀስ በል ይሉኛል። ያርሙታል። ሂድ ይሉኛል።" ሊስቅ ሞከረ። "ከሲኒማ ራስ እስከ እርስዎ በር ድረስ አሥራ አራት ስሕተት አለ። አሁን ብቻዬን ሳልፍ ዐይኔ እሱን ብቻ ነው የሚያየው።"

ስፖንጁን አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ ያለው ብረት ብቻ ቀረ፤ ለማንም ሰው የሚሆን ባዶ ብረት። ዮናስ ከበርጩማው ተነሳ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

"እትዬ፣" አለኝ፣ "ሐሙስ ሐሙስ ምን ላድርግ?"

እኔም ያንኑ ልጠይቀው ነበር።